የእናትሽን ዘዴ ከነቤቱ እዪው

«እትየ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐርቡ ነው። ትዳር ይዤ እዚህ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁ፤ አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። እናቴ ለሁሉም ነገር ዘዴ አላት። እኔም በሷ መንገድ ቤቴን ላቆም ብል እዚህ አልሆን አለኝ። ሊጡ በሁለት ቀን አይቦካም። ንፍሮ ጥጄ ቡና አፈላለሁ፤ እምየ ቤት ቶና ሲቀዳ የሚደርሰው ባቄላ እዚህ በረካ ተጠጥቶም ጥሬ ነው። ከቤት ያስያዘችኝ እህል ነቀዘብኝ፤ ጎረቤቴ ‹የነቀዝ ክኒን ጣል አድርጊበት› አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ይሄ የአሮጊት ወግ ነው፣ ተይው› ይለኛል። የእምየ ቤት ጭቃ ነው፣ ሳር ክዳን፤ እኛ የተከራየነው ክፍል ሊሾ ነው፣ ኮርኒስ አለው፣ በሩ ብረት ነው። እምየ ልታርሰኝ በቅርቡ ትመጣለች። የደሴን ብርድ ስለምትፈራ ‹ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለሽ ተኚ› ትለኛለች። ለሕፃኑ እትብት የሚሆን ለጋ ቅቤም አዘጋጅታለች። የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው? እሷንስ ሳላስቀይም እንዴት ልንገራት? አዲሱ ምጣዴም እየያዘ አስመርሮኛል፤ ልጣለው?»

እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለሽ፤ በሰላም ያገላግልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ቀድሞ የታየኝ ከሐርቡ ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ሐርቡ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የማሽላ አገር ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ጦሳ ሥር ናት። እናትሽ ያስተማረችሽ ሁሉ የተሠራው ለቆላው አየር፣ ለጭቃው ግድግዳ፣ ቀኑን ሙሉ ጢሱ ለማይጠፋው ምድጃ ነው። አንቺ ዘዴውን ይዘሽ ዳገቱን ወጣሽ፤ ቤቱ ግን እዚያው ሐርቡ ቀረ። ስለዚህ «እውነት ነው ወይስ ወግ?» እያላችሁ ከባለቤትሽ ጋር ከምትከራከሩ፣ በየዘዴው ላይ «እምየ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራው ምንድን ነው? እኔ ቤትስ እሱ ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙው ነገር በዚህ ጥያቄ ይፈታል።

ከሊጡ እንጀምር። እርሾ የሚሠራው በሙቀት ነው። ሐርቡ ላይ ያለ እሳት ያለ ምንም፣ አየሩ ራሱ ሊጡን ያቦካል። ደሴ ላይ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ደግሞም በክረምቱ፣ ያ ሙቀት የለም፤ ሙቀቱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ለብ ባለ ውሃ አቡኪው፤ እጅሽን የሚያቃጥል ግን አይሁን። እርሾውን ከለመድሽው ጨመር አድርጊ። እንጀራ ጋግረሽ ስትጨርሺ ባልዲውን ከምጣዱ አጠገብ አስቀምጪና በአሮጌ ጋቢ ጠቅልይው። ያም ሆኖ ሦስተኛ ቀን ቢጠይቅሽ ቀን ጨምሪለት እንጂ ሳይቦካ አትጋግሪው። ከላይ የጠለለውን ውሃ ቀድተሽ አብሲት የምትጥይበትን ነገር እናትሽ አስተምራሻለች፤ እሱ ቆላም ደጋም ያው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደሴ ላይ እንጀራ ትኩስ እያለ በላስቲክ ከተሸፈነ ላቡ ተመልሶ ይወርድበትና ቶሎ ይሻግታል። ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አትደርቢው። ሻጋታ የያዘውን ደግሞ ፍቀሽ አትብዪው፤ ሻጋታው ላይ ላዩን ብቻ አይደለም።

ንፍሮው የዘገየው በአንቺ ጥፋት አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ሐርቡ ላይ ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደሴ ላይ 92 ሳይደርስ ይንተከተካል፤ እሳት ብትጨምሪ ይተንናል እንጂ ከዚያ አይሞቅም። ስለዚህ በአቦልና በቶና የለመድሽው ልክ እዚህ አይሠራም። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ፣ ክዳን የሚገጥም ድስት ያዢ፣ ውሃ ሲያንስበት ቀዝቃዛ ሳይሆን የፈላ ጨምሪበት፣ ጨውን መጨረሻ ላይ። በረካው ካለፈ በኋላም ትንሽ ታገሽው።

አሁን ወደ ነቀዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ የጎረቤትሽ ክኒን ነው። ያ ክኒን የእናትም የአያትም ዘዴ አይደለም፤ ኋላ የመጣ ነው። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ይተፋል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱው ነው፤ የተመረዘ ሰው ደግሞ ማርከሻ የለውም። ለትልቅ መጋዘን፣ ሰው ለማይገባበት፣ በሰለጠነ ሰው እጅ የተሠራ ነገር ነው። አንቺ ያለሽበት ቤት መኝታውም እህሉም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ውስጥ ጣል ያደረግሽው ክኒን ሌሊቱን አንቺንም ጽንሱንም ባለቤትሽንም ሊወስድ ይችላል። ኧረ በአላህ፣ ወደ ቤትሽ እንዳታስገቢው። ጎረቤትሽም አስገብታው ከሆነ ቶሎ ንገሪያት፤ ልጆች ካሏት ከሁሉ በፊት እሷጋ ሂጂ።

እናትሽ ቤት ግን እህል ያለ ክኒን እንዴት ነው የሚከርመው? አንዱ ጢሱ ነው። ከምድጃው በላይ የሚንጠለጠለው በቆሎ፣ ጢስ የጠገበው ጣሪያ፣ ነቀዝን የሚያባርሩት እነሱ ናቸው። አንቺ የምትጋግሪው በኤሌክትሪክ ከሆነ ያ ጠባቂ የለሽም። ተመልሰሽ ጢስ ፍጠሪ ማለቴ አይደለም፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጎዳው ያው ጢስ ነው። ሁለተኛው አመድ ነው። ቀዝቅዞ የተነፋ ደረቅ አመድ ከባቄላው ጋር ሲታሽ የነቀዙን ቅርፊት እየቧጠጠ ገላውን ያደርቀዋል። ይህ ደሴም ይሠራል፤ ስትቀቅዪ በደንብ ማጠብ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጤፍ ነው፤ ይህን የማያውቁ ሰዎች ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ጤፍ ለራሱ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ከማሽላ ወይም ከሽምብራ ጋር ሲቀላቀል በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዙ የሚንቀሳቀስበትና እንቁላል የሚጥልበት ቦታ ያጣል። ስትፈልጊ በወንፊት ትለያቸዋለሽ፤ ጤፉም ማሽላውም ሳይጎድል ይወጣል። አሁን ጤፍ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ለምግብሽ የገዛሽው ጤፍ ካለ ያው ጤፍ እስኪፈጭ ድረስ ማሽላውን ሊጠብቅልሽ ይችላል።

ለአንቺ ቤት ግን እኔ የምመርጥልሽ ጀሪካኑን ነው። መጀመሪያ እህሉን አድርቂ። የደረቀ መሆኑን እናትሽ ፍሬውን በጥርሷ ሰብራ ነው የምታውቀው፤ ኳ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ይህን መለየት ካልቻልሽ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምረሽ በደንብ አወዛውዢና ሩብ ሰዓት ያህል ተይው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ጨው ሳይለጠፍ ከወረደ ደርቋል። እርጥብ እህል ከታሸገ ይሻግታል፣ ይህን እንዳትዘነጊ። ባቄላና ሽምብራ ብዙ ጊዜ የነቀዙን እንቁላል ከእርሻው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ገና ከገበያ ስታመጪ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጥቁር ላስቲክ አንጥፈሽ አስጪው፣ ከላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አልብሰሽ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ያዢው። ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲግል እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ሲቀዘቅዝ፣ ዘይት የነበረበትን፣ ታጥቦ ክትት ብሎ የደረቀ ጀሪካን እስከ አፉ ሙይና ክዳኑን አጥብቂው። ውስጥ የቀረ ነቀዝ ካለ ያለችውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል። ብቻ በየቀኑ እየከፈትሽ አትዪው፤ በከፈትሽው ቁጥር አየር ትሰጪዋለሽ። ጸረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ግን ምን ቢታጠብ ለእህል አይሆንም።

ከሰሉ ላይ ልቤ አያርፍም። እናትሽ ክፉ አልመከረችሽም፤ የሷ ቤት ግድግዳው ይተነፍሳል፣ ሳር ክዳኑም ይተነፍሳል። የከሰሉ መርዝ ከፊሉ በየቀዳዳው ይወጣል። አንቺ ክፍል ሊሾና ኮርኒስ ነው፤ ብርዱን ፍራቻ የበሩን ሥር በጨርቅ ትወትፊው ይሆናል። እዚያ ውስጥ ከሰል ይዞ መተኛት ማለት ሞትን አስገብቶ መዝጋት ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። «ጢሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ጢስ የሌለው ፍምም ይተፋዋል። ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ይህን ከእርግዝናዋ ነው ብላ ታልፈዋለች። ጽንስ ከእናቱ ይበልጥ ይጎዳል። ይህን ስትሰሚ አንድም ቀን አሳድረሽው ከሆነ ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው።

ታዲያ ብርዱን በምን ልቻለው ትይኛለሽ። የፈላ ውሃ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ አድርገሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊ። ባና ካለሽ ከጋቢው በላይ ደርቢ። ከሰሉን ለቡና ስታቀጣጥዪ ደጅ አቀጣጥዪው፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ አፍዪበት፣ ከመተኛትሽ በፊት ፍሙን ከነማንደጃው አውጪው። ሕፃኑ ሲመጣ ደግሞ ከማንኛውም እሳት የሚበልጥ ሙቀት ያለው አንቺ ላይ ነው፤ ገላ ለገላ ደረትሽ ላይ አድርገሽው ጋቢ ከላይ ይልበስ። ገላውን ማጠብም ቢያንስ ለአንድ ቀን ይቆየው።

ባለቤትሽ «የአሮጊት ወግ» ያለውን በተመለከተ አንድ ነገር ንገሪው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። የቢልሃርዝያ በሽታ በቀንድ አውጣ በኩል ስለሚተላለፍ፣ ሴቶቹ ለነጠላቸው ብለው የያዙት ነገር የአንድ ትልቅ በሽታ መከላከያ ጥናት ሆነ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት የተሸለሙበት ሥራ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እናትሽ ጋቢ በእንዶድ የምታጥብ ከሆነ ተማሪላት፤ ነጭን ያነጣል። ግን መርዝ ነውና ወደ አፍ አይቅረብ፣ የታጠበበት ውሃም ወንዝ አይደፋ፤ ዓሣ ይፈጃል።

የወተት ቅል በወይራ ማጠንም እንደዚሁ መልካም ነገር ነው፤ ጢሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፣ ጣዕሙም የታወቀ ነው። ግን አንቺ ወተት የምትቀበዪው በፕላስቲክ ጆግ ነው መሰለኝ፤ እሱ አይታጠንም። ቅል ቢኖርሽም ባይኖርሽም ወተቱን አፍልተሽ ጠጪ፤ በተለይ አሁን።

ወደ እትብቱ ልምጣ። ይህ በቤትና በአየር የሚፈታ አይደለም፤ ሐርቡም ደሴም አይሆንም። እትብት የተቆረጠ ቁስል ነው። ቅቤም ይሁን ሌላ ነገር ሲቀባበት መንጋጋ ቆልፍንና ሌላ መመረዝን ሊያስገባ ይችላል። ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይቆይ፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽ ቅባት ካለ በሚያዙሽ መሠረት እሱን ብቻ። ክትትልሽ ላይ የሚሰጠውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰድሽን አረጋግጪ። ለሕፃኑ ቅቤ ማዋጥም አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ቢጫ ወተትሽ፣ እንገሩ፣ አይፍሰስ፣ ለሱ ነው የመጣው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ያዢው፤ እስከ ስድስት ወር ውሃም ሳይቀር ሌላ ነገር አያስፈልገውም። እግረ መንገዴን፣ ቃጠሎ ላይም ቅቤም ጥርስ ሳሙናም አይሆንም፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው።

ለእምየ እንዴት ትነግሪያታለሽ? ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ፣ እሷ ቅቤውን በእጇ ይዛ ሳለ «ተይ!» ብትያት ያሳፍራታል፤ ያ ቅያሜ ቶሎ አይሽርም። አሁን፣ ሳትመጣ፣ በስልክ ንገሪያት። ስትነግሪያትም ከጠቀመሽ ጀምሪ፦ ጤፉን፣ አመዱን፣ አብሲቱን። ከዚያ «እምየ፣ የኔ ቤት እንዳንቺ ቤት አይተነፍስም፣ ከሰል ያፍነናል» በያት፤ እናትሽ ቤት የምታውቅ ሴት ናትና ወዲያው ይገባታል። ቅቤውን አታስቀሪባት። «ይዘሽው ነይ፣ ለገንፎዬና ለራሴ ነው የምፈልገው፤ ለእትብቱ ግን ጤና ጣቢያ ከልክለውኛል» በያት። ቅቤው ሥራ አለው፣ እሷም ሥራ አላት። እዚህ ስትደርስ ለክትትል ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ፤ ነርሷ ስትናገር አብራ ትስማ። ከልጅ አፍ የማይዋጥ ነገር ከባለሙያ አፍ ሲሆን ይቀላል። ባለቤትሽም «የአሮጊት ወግ» የሚለውን ነገር እሷ ፊት እንዳይደግመው ለብቻው አስጠንቅቂው።

እሷ እዚህ በምትቆይባቸው ሳምንቶች ደግሞ ከጎኗ ቁጭ ብለሽ ተማሪ። «ትንሽ ጨምሪ» ስትልሽ ትንሿ ምን ያህል እንደሆነች አታውቂም። ኮረሪማውንና ኮሰረቱን በእጇ ዘግና ወደ ቅቤው ከመጣሏ በፊት መዳፏ ሥር ሲኒ አኑሪና ወደሱ ታፍስሰው፤ ስንት ሲኒ እንደሆነ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። እሷ ስትሄድ በዚያች ሲኒ ታነጥሪያለሽ።

ምጣዱን አትጣዪው። አዲስ ሸክላ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ዘይት ጠግቦ ካልተደፈነ ሊጡን ይይዘዋል። እናትሽ ከሐርቡ ስትመጣ ጎመንዘር ታምጣልሽ፤ ከሌላት ሰኞ ገበያ ታገኚያለሽ። ፈጭተሽ፣ ምጣዱ በደንብ ከጋለ በኋላ ነስንሺበትና በማሰሻ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር አሽተሽ አሽተሽ ዙሪያው ጥቁር እስኪሆንና እስኪያብለጨልጭ ድረስ ደጋግሚው። አንድ ቀን አይበቃም፤ በጋገርሽ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ድገሚው። ከጋገርሽ በኋላ በሳሙና አታጥቢው፣ ሳሙናው ሸክላው ውስጥ ይገባና ቀጣዩ እንጀራ ላይ ይሸታል። የኤሌክትሪክ ከሆነም ውሃ አታፍስሺበት፤ ሶኬቱን ነቅለሽ፣ ሲበርድ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጊው። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ቢቀደዱም ለፍርፍር ይሆናሉ።